የጡት ወንድም

የደም ግፊት አለብኝ ያልኩት ውሸቴን ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ስሜ ይማርሽ ነው። ጋሸና፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ ከሚታጠፍበት ትንሽ አለፍ ብሎ ምግብ ቤት አለኝ። ሾፌሮች “ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል” ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባሌ ደባሱ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ለትርፍ አንጀት ብሎ ሆስፒታል በእግሩ ገባ፣ በማግስቱ በጋቢ ተጠቅልሎ ወጣ። የማንም ጥፋት አይደለም አሉኝ። ይሁን። ግን ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል ሽታ ሲሸተኝ መውጫ በሩን ነው የምፈልገው። ሦስት ልጆች ጥሎብኝ ሲሄድ ትልቋ ፋና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ወንድም ደግሞ አለኝ፣ አንድ። ሙሉሃብት ይባላል፣ ላሊበላ የሒሳብ አስተማሪ ነው። እናታችን ከእኔ በኋላ ሦስት ቀብራ ነው እሱን ያገኘችው። በ2007 ክረምት፣ ዝናቡ ጭራሽ እምቢ ባለበት ክረምት፣ ፊቱ ማበጥ ጀመረ። እንቅልፍ በዝቶብኝ ነው አለ። ከዚያ እግሩ አበጠ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ተማሪዎቹ ፊት ወደቀ። ደሴ ወሰድነው፣ ደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩት፣ አዲስ አበባ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አሉን። በሳምንት ሁለት ቀን ደሙን የሚያጥብ ማሽን ላይ አጋደሙት። ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየንለት። ላሞቹ ተሸጡ፣ አስተማሪ ጓደኞቹ ከደሞዛቸው አዋጡ፣ እኔም ያለኝን አራገፍኩ።

“ማሽኑ ጊዜ ይሰጠናል እንጂ አያድነውም” አለኝ ሐኪሙ። ያን ዓመት ኩላሊት መቀየር አገር ውስጥ ተጀምሮ ነበር። “ሰጪው ግን ዘመድ መሆን አለበት። ወንድም፣ እህት፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ። መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። የእሱ ደም ደግሞ ኦ ስለሆነ ኦ ያልሆነ ሰው አይሰጠውም።”

እህት ሲል ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። እኔ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ጣልኩ።

ጋሸና እንደተመለስኩ ሳጥን ከፍቼ ፋናን ሳረግዝ ጤና ጣቢያ የሰጡኝን ካርድ ፈለግሁ። አገኘሁት። የደም ዓይነት፣ ኦ። ካርዱን መልሼ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ከደባሱ ፎቶ ሥር ከተትኩት። አባታችን የለም፣ እማዬ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሙሉሃብት ልጅ አልወለደም። እንግዲህ ማን ቀረ? ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአራተኛው ቀን ልመርመር ብዬ ወልድያ ወረድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ደረስኩ። ያ ሽታ መጣ። ዞር አልኩና ገበያ ገብቼ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ።

ማታ ለሙሉሃብት ደወልኩለት። “ተመረመርኩ፣ ግፊት አለብሽ፣ አትሰጪም አሉኝ” አልኩት።

“አይዞሽ፣ ጨው ቀንሺ። እንዳትደነግጪ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ግፊት ይዞት ይኖራል” አለኝ። እሱ እኔን ያጽናናል! ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገባሁና ያለ ምክንያት ሠራተኞቹን ስሳደብ አመሸሁ።

አሁን ወደ የኔሰው ልምጣ። የኔሰው እኔ ዘንድ የሚሠራ ሰው ነው። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ጭነት ሲመጣ ያራግፋል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ወላጆቹ አልቀውበት የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ በሰው እጅ ወደቀ። በሰማንያ ዘጠኝ መሬት ሲደለደል አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ለልጅ አይሰጥም ተባለ። ሲያድግ ደግሞ የሚደለደል መሬት አልቋል። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት ሚስት የለውም፤ መሬት ለሌለው ማን ልጁን ይድራል? በዚያ ላይ ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነው። ባለ መሬቱ ራሱ የእርዳታ ስንዴ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ጊዜ እሱ የእኔን ትርፍራፊ እየበላ ያመሰግነኝ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት መንገደኛ እኔ ቤት ምጥ ያዛት። የኔሰው በጭነት መኪና ወልድያ ድረስ አብሯት ሄዶ ደም ሰጠላት። አንድ ሚሪንዳና አንድ ብስኩት ሰጥተው መለሱት። “እትዬ፣ ለዚህች ለማትረባ ደሜ ሚሪንዳ ጋበዙኝ እኮ” እያለ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። የሰጡትን ካርድ በሚያድርበት ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። አንድ ጠዋት ሽንኩርት ላወጣ ገብቼ ካርዱ ላይ ዓይኔ አረፈ። ኦ ይላል።

ዘመድ ካልሆነ አይፈቀድም ተብሏል፣ አውቃለሁ። ግን እኛ አገር ዘመድ የሚሆነው የተወለደ ብቻ አይደለም። ጡት የምንለው ነገር አለ። አንድ ሰው የአንድ ቤት ልጅ መሆን ሲፈልግ፣ ቤቱም ሲፈቅድለት፣ አባትየው ወይም እናትየዋ አውራ ጣታቸውን ማር ይቀባሉ። ሰውየው በሽማግሌና በንስሐ አባት ፊት ተንበርክኮ ይጠባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅ ነው። ከቤቱ ሴት ልጅ አያገባም፣ ወላጆቹን ይጦራል፣ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ይወርሳል። የጡት ልጅ ነኝ ብሎ ሽማግሌ ፊት ቢቆም የሚስቅበት የለም። ሐኪሙ ወንድም አለ። እኛ ደግሞ ወንድም ማድረግ እናውቃለን። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ያሰብኩትንም ወደድኩት።

እንጨት ሲፈልጥ ጠብቄ አጠገቡ ሄድኩ። “የኔሰው፣ እናት ትፈልጋለህ?” አልኩት።

መጥረቢያውን አቆመና ሳቀ። “ስንት ነች?”

“በነጻ አይደለችም” አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሙሉሃብት፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ማሩ። በመጨረሻም ከእማዬ መሬት ለእኔ የሚደርሰኝን፣ ከወንዙ በላይ ያለውን ሁለት ጥማድ፣ ለእሱ እንደምለቅ ነገርኩት። ሽማግሌ ፊት አስጽፍልሃለሁ አልኩት። የእኔም ደም ኦ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።

መጥረቢያውን ተደገፈ። “አንዱ ብቻውን ይበቃል?”

“ይበቃል ብሏል ሐኪሙ።”

“ታዲያ እግዜር ለምን ሁለት አደረገው?”

“እሱን እሱን ጠይቀው።”

“እኔ እኮ ሁለት ነገር ኖሮኝ አያውቅም፣ እትዬ። የሁለት ነገር ባለቤት መሆኔን ገና ዛሬ ሰማሁ” አለና እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሲስቅ ሳየው ደስ አለኝ፣ ደፋር ነው አልኩ። ሦስት ቀን አስቦ እሺ አለኝ። እነዚያን ሦስት ቀናት እኔ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

የንስሐ አባታችን አባ ገብረመስቀል የሚኖሩት ከላሊበላ በላይ፣ አሸተን ማርያም ገዳም ነው። ዳገቱን ወጥቼ ነገርኳቸው። አባ ለነገር አይቸኩሉም። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“አንቺስ?” አሉኝ።

“ግፊት አለብኝ፣ አባ።”

ለንስሐ አባቴ! እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ “ጡት ልጅ ለማግኘት ነው፣ ልጄ። ከልጁ ላይ የሚወሰድ ነገር ለማግኘት አይደለም” አሉ።

“ልጅ ይሆናል፣ አባ። መሬትም ይሰጠዋል።”

“መሬቱን ነው የምፈራው። ባትሰጪው ኖሮ እሺ ይል ነበር?”

“እንግዲህ አባ፣ ሰውስ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ በረከት አገኛለሁ ብሎ አይደል የሚሰጠው?” አልኩ። ምላሴ አያርፍም።

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በቀለለኝ። “ለእናትሽ ብዬ እመጣለሁ። ያልኩትን ግን አትርሺ” አሉና ተነሡ።

ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከአሸተን ሥር ካለው ከእማዬ ቤት ተሰበሰብን። እናቴ አመተ ጊዮርጊስ ነጭ ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነግረናታል። ደስ ያላት አትመስልም። የኔሰውን ወደ እሷ ጠራችውና፣ “ልጄ ከሆንክ ልጄ ነህ። ለአንዱ ልጄ ብዬ ሌላውን ልጄን አልጎዳም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እምቢ ማለት ትችላለህ፤ እምቢ ብትልም ልጄ ነህ” አለችው። ምን ነካት፣ አሁን እንዲህ ያለ በር ይከፈታል ወይ አልኩ በልቤ።

አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ዘረጋችለት። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጆንያ ተሸካሚ ሰው፣ ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፈነና ጠባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሲጨርስ አገጩ ላይ ማር ቀርቶ ነበር፤ እማዬ በነጠላዋ ጠረገችለት። “እማዬ” አላት። እስከዚያች ቀን “አንቱ” ይላት ነበር። ጎረቤቶቹ እልል አሉ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ጥማድ ጻፉልን። ለእኔ ግን እትዬ ማለቱን አልተወም። እህትህ ነኝ፣ አንቺ በለኝ አላልኩትም።

አንድ ሳምንት እማዬ ጋ ከረመ። የፈረሰ የድንጋይ ካቧን ካበላት፣ የጎተራዋን ክዳን አደሰላት። ማታ ማታ ሁለቱ እሳት ዳር ተቀምጠው ያወሩ ነበር አሉ። ምን እንደሚያወሩ ጠይቄ አላውቅም።

ሆስፒታሉ የሚፈልገውን የዝምድና ደብዳቤ ልንጠይቅ ቀበሌ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ፣ ምናለ ይባላል፣ እስክሪብቶውን ይዞ፣ “የጡት ወንድም ልበል ወይስ ወንድም?” አለኝ።

“አንተ አገር ወንድም ስንት ዓይነት ነው?” አልኩት። ወንድማማቾች መሆናቸውን እናረጋግጣለን ብሎ ጻፈና ማህተሙን መታ። ክፋት አስቦ አይደለም። እኔም ያኔ ያጭበረበርኩ አልመሰለኝም።

የካቲት ላይ ከየኔሰው ጋር አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉ ቀን አስጠናሁት። “የአባታችሁ ስም ለምን ተለያየ ቢሉህ?” “የምንገናኘው በእናት ነው እላለሁ።” “ምን ተሰጠህ ቢሉህ?”

“እትዬ፣ ምንም ካልኩ እኮ ውሸት ነው።”

“ልጅ ከእናቱ መሬት ድርሻ ቢያገኝ ተሰጠው ይባላል? የራሱ ነው።”

“እሱስ እውነት ነው” አለ፣ ፊቱም ፈካ። እኔም እስክሪብቶ የማያውቅ ሰው በክርክር አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ፣ ግን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ጠየቅሁት።

ምርመራው ሁሉ መልካም ሆነ። ደሙ ይስማማል፣ ልቡ ደህና ነው፣ ኩላሊቶቹ እንደ አዲስ ናቸው አሉ። ሙሉሃብት ያን ሰሞን ከስቶ አንገቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ማሽኑ ላይ ውሎ ሲነሣ ግድግዳ ይዞ ነው የሚራመደው። የኔሰውን ሲያይ እጁን ይዞት፣ “ለእኔ ሲባል የማትፈልገውን እንዳታደርግ” ይለዋል። የኔሰው ይስቃል። እኔ ደግሞ በየማታው ቀኖቹን እያሰብኩ፣ ይደርስ ይሆን አይደርስም እያልኩ እገላበጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ሰጪው ዘመድ መሆኑንና በፈቃዱ መስጠቱን የሚያጣራው ኮሚቴ።

የኔሰውን ለብቻው አስገቡት። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ሩብ ሰዓት ይበቃል ብለውኝ ነበር፤ አንድ ሰዓት አለፈ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፣ ነርስ ይሆናል፣ እቀመጣለሁ። ነጠላዬን ጫፉን እያኘክሁት እንደነበር ያወቅሁት ሲረጥብ ነው። በመጨረሻ የኔሰው ወጣ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። “እውነቱን ነገርኳቸው፣ እትዬ” አለኝና ቦርሳዬን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። እኔን ጠሩኝ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሐኪማችን፣ አንድ ሽበታም ሰው፣ አንዲት ሰብሌ የምትባል ወጣት፣ የቤተሰብ ጉዳይ የምታጣራዋ። የተናገረችው እሷ ነች፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር።

“ስለ እናቱ ስንጠይቀው የወለደችኝ ሞታለች፣ ያጠባችኝ አለች አለን። መቼ ነው ያጠቡህ አልነው። ባለፈው ወር አለ።”

ሽበታሙ ሰውዬ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሰብሌ አልሳቀችም።

“ማሩን፣ ካህኑን፣ ሁሉንም አስረዳን። የደበቀን ነገር የለም። ምን ታገኛለህ ስንለው ደግሞ በጣቱ ቆጠረልን። እናት፣ ሁለት ጥማድ መሬት፣ መቃብር።”

“መቃብር?” አልኩ።

“ከአባታችሁ ጎን። ምናልባት ብሞት ሜዳ ላይ እንዳልጣል፣ ከሰው ጎን ልቀበር ብሎ እናታችሁን ለምኗቸዋል። እሺ ብለውታል። አላወቁም?”

አላወቅኩም።

“ባህላችሁን አከብራለሁ፣ ግን ይህን መፍቀድ አንችልም” አለች። “ሕጉ የሚለው የሥጋ ዘመድ ነው። ከዚያም በላይ ጥቅም አለበት።”

ያኔ ነደድኩ። የፈራሁት ሁሉ አንድ ላይ ወደ ምላሴ መጣ። “ሐኪሙ ደሞዝ አለው። አንቺ ደሞዝ አለሽ። መድኃኒቱ ይሸጣል፣ ማሽኑ በየጊዜው ይከፈልበታል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል በነጻ ይስጥ የምትሉት የኔሰውን ብቻ ነው? አካሉን የሚያስቀድደው እሱ፣ ባዶ እጁን የሚመለሰው እሱ? ድሃ ሁለት ጥማድ ቢያገኝ ከእናንተ ምን ይጎድላል? ወንድሜ ይድናል፣ የኔሰው ሰው ይሆናል፣ ሚስት ያገባል። ይህን ከልክላችሁ ማንን ነው የምትጠቅሙት? እሱንማ ወደ ጆንያው መለሳችሁት!”

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ሽበታሙ ወረቀቱን ገለበጠ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

“ጥያቄዎ ልክ ነው” አለች ሰብሌ። “እኛም እርስ በርሳችን የምንጨቃጨቅበት ነው፣ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አያለሁ። መሬት ከተጨመረበት እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ መሬት የሌለው ሰው ነው። መሬት ያለው ውጭ አግዳሚው ላይ ነው የሚጠብቀው።”

ከዚያ ፋይሉን ገለጠች። “እህት አለችው ይላል። የእህት የምርመራ ውጤት ግን እዚህ የለም። የእርስዎ የደም ዓይነት ምንድን ነው?”

ግፊት አለብኝ ልል አፌን ከፈትኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የኔሰው ቦርሳዬን በሁለት እጁ አቅፎ ተቀምጧል፤ ከተማ ሌባ አለ ብዬ አስጠንቅቄው ነበር። ሁለት ቀን ያልታጠበች ሸሚዙ አንገቷ ጠቁሯል። ይህ ሰው መቃብር ተዋውሎ ነው የመጣው፣ እኔ ደግሞ ቲማቲም ገዝቼ ነው የተመለስኩት።

“ኦ ነው” አልኩ። “ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት። ባሌ በቀዶ ጥገና ነው የሞተብኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ፈራሁ።”

አላቋረጡኝም፣ አልወቀሱኝም። ሐኪሙ፣ “መፍራት መብትዎ ነው። አልሰጥም ካሉም ማንም አይጠይቅዎትም፣ ለወንድምዎም ምክንያቱን አንነግርም” አለ። በር ከፈቱልኝ ማለት ነው፣ እማዬ ለየኔሰው እንደከፈተችው። ዘጠኝ ጊዜ በልቤ ወጣሁበት። በእግሬ ግን አልወጣሁም። ነርሷ ግፊቴን ለካች። “ከእኔ ይሻላል” አለች።

ወጥቼ የኔሰው አጠገብ ተቀመጥኩ።

“አበላሸሁት፣ አይደል?” አለኝ።

“አላበላሸህም። የምሰጠው እኔ ነኝ። ደሜ ኦ ነው፣ ድሮም ኦ ነው። ዋሽቼህ ነው።”

ቦርሳዬን መለሰልኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። “እንግዲህ መሬቱን እመልሳለሁ” አለ። “እማዬንስ… እማዬን መመለስ አለብኝ ወይ?”

ዕንባዬ መጣ። “ማሩ የሚመለስ ነገር ነው እንዴ? መሬቱም ያንተ ነው። ሽማግሌ የጻፈውን አላስፍቅም።”

“በነጻ?” አለ ግራ ገብቶት። “በነጻማ ነገሩ አላማረኝም፣ እትዬ።”

“እትዬ አትበለኝ። እህትህ ነኝ” አልኩት። እሱ ግን እህቴ አላለኝም፣ ያን ቀን አላለኝም።

ለሙሉሃብት የነገርኩት ከማሽኑ ሲነሣ ነው። “ግፊትሽስ?” አለኝ። “የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም” አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ከውሸቴ ወዲህ ያለፉትን አራት ወራት የሚቆጥር መሰለኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነውና። ሲገልጥ ግን፣ “ፋናንና ትንንሾቹን ማን ያይልሻል?” አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሸቱ አንሥቶ አያውቅም። እኔ ነኝ የማነሣው።

ሦስት ሳምንት መረመሩኝ። ኩላሊቴ ተስማማ። መጋቢት ውስጥ ቀን ቆረጡልን፣ የኔሰውም ብቻችሁን ጥያችሁ አልሄድም ብሎ ቀረ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን፣ ጎረቤቷ ስልክ ላይ ለእማዬ ደወልኩ። እስከዚያ ቀን አልነገርኳትም ነበር፤ ኮሚቴው ዘገየ፣ ምርመራው ዘገየ እያልኩ አቆየኋት። የእማዬ ድምፅ ራቅ ብሎ ይሰማል፣ ነፋሱ ይበልጠዋል።

“ነገ ነው፣ እማዬ” አልኳት።

“ማርያም ትቁምላችሁ። የትኛው ልጄ ነው የሚሰጠው?”

የትኛው ልጄ አለች። ሦስት አላት አሁን። “እኔ ነኝ፣ እማዬ” አልኩ። “ግፊት የለብኝም። የኔሰው አይሰጥም፣ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ደህና ነው።”

ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። ተቆረጠ እንዴ ብዬ ስልኩን አየሁት፣ አልተቆረጠም።

“ፈርተሻል?” አለችኝ።

“በጣም፣ እማዬ። ደባሱ ነው የሚመጣብኝ።”

“የኔሰውም ፈርቶ ነበር” አለች እናቴ። “ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ጠይቄው ነግሮኛል። አንቺ አልጠየቅሽውም።”

ስልኩን ለየኔሰው ሰጠሁት። ተቀብሎ፣ “እማዬ” አላት፣ “አይዞሽ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ።”